የሐበሻ ነው የፈረንጅ?

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሰላ ገና ጉም እንደለበሰች ናት፤ የጭላሎ ተራራ ጭራሹኑ አይታይም። የመጀመሪያው ባልዲ ደጃፌ ሲደርስ ላክቶሜትሬን እጥልበታለሁ። ላክቶሜትር ማለት ታቹ ከብዶ ላዩ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ወተት ውስጥ ቆሞ ሲንሳፈፍ አንገቱ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። ከ27 እስከ 32 ካሳየ ደህና። ከዚያ ከወረደ ውሃ ገብቶበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህን መስታወት መጣል ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ፤ 15ቱን በወተት ማሰባሰቢያ ተቀጥሬ፣ ቀሪውን በራሴ ትንሽ ወተት ቤት። ከደንበኛ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን በ22 ዓመት ውስጥ አልተለወጠም፦ «እትዬ፣ የሐበሻ ላም ነው የፈረንጅ?»

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ አንድ ልጅ ሌላ ቃል ይዞ መጣ። «ኦርጋኒክ ወተት አለዎት?» አለኝ።

«ኦርጋኒክ ምን ማለት ነው ልጄ?» አልኩት። ቃሉን ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም፤ እሱ ምን ብሎ እንደሚያስብ ለማወቅ ነው።

«ኬሚካል የሌለበት… የሐበሻ ላም» አለ።

ያው የድሮው ጥያቄ ነው።

ቁጭ አድርጌ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ቀዳሁለትና ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፈው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ወተት «ኦርጋኒክ» ተብሎ እንዲሸጥ ላሚቱ በዓመት ቢያንስ 120 ቀን ሜዳ ላይ መጋጥ አለባት። መኖዋ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት ያልነካው መሆን አለበት። አንቲባዮቲክ ከተሰጣት ወተቷ በዚያ ስም አይሸጥም። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 488 ነው። ነገር ግን የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ሲባል የምንሰማው ወደ ውጭ ስለሚላክ ቡና እንጂ ወተት ላይ ተለጥፎ እኔ አላየሁም። እና የአርሲ የሐበሻ ላም ያለ ወረቀት ኦርጋኒክ ናት? ልጁ «አዎ» እንድለው ጠብቆ ነበር። እስቲ ጥር ላይ ምን እንደምትበላ ተመልከት አልኩት። የስንዴ ገለባ ነው። ስንዴው ደግሞ ማዳበሪያ የጠጣ፣ የአረም መድኃኒት የተረጨ ነው። አርሲ እኮ የስንዴ አገር ናት።

ደግሞ ማዳበሪያውንና የፈረንጅ ላሟን ያመጣልን አንድ እጅ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ትልልቆቹ ዛሬም «ካዱ» ይሉታል። ምርጥ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የፍሪዥያን ዝርያውን ይዞ የመጣው እሱ ነው። በኋላ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሰፍቶ «አርዱ» ተባለ። እዚሁ አሰላ ይመዘገብ የነበረውን የላሞች መዝገብ የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል አጥንቶ በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በዚያ ጥናት የአርሲ ላም በአንድ ወሊድ የምትሰጠው ወተት 800 ኪሎ አካባቢ ሲሆን፣ ከፍሪዥያን የተዳቀለችው ግማሽ ለግማሽ ደግሞ ወደ 2000 ኪሎ ትሰጣለች። አያቴ ይህን ቁጥር ሳታይ ነው የሞተችው፤ ግን የመጀመሪያዋ ድቅል ጊደር ግቢያችን ስትወልድ «ይቺ ላም ናት ምንጭ?» ማለቷ ትዝ ይለኛል።

«የፈረንጅ ላም ወተት ውሃ ነው» የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም አልልም። የአርሲ ላም ወተት ቅባቱ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ይሆናል፤ የፍሪዥያኗ ሦስት ተኩል፣ ቢበዛ አራት። ስለዚህ የሐበሻዋ ወተት ሲፈላ ስልባቦቱ ይወፍራል፣ ሲናጥ ቅቤው ይበዛል። ለቅቤ ከሆነ እኔም የሐበሻዋን እመርጣለሁ፤ ለልጅ ቁርስና ለማኪያቶ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አያጣላም። ቀለሙ ደግሞ ከዝርያም በላይ የሣር ጉዳይ ነው። መስከረም ላይ ለምለም የጋጠች ላም ቅቤዋ ቢጫ ይሆናል፤ ሚያዝያ ላይ ገለባና ፍሩሽካ የበላችው ነጣ ይላል። ሣር የበላች ላም ወተት ውስጥ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ደግ ቅባት ከፍ እንደሚል የውጭ ጥናቶች ያሳያሉ። ነገር ግን መጠኑ በወተት ውስጥ ከመነሻውም ትንሽ ስለሆነ ለእሱ ብሎ እጥፍ ዋጋ የሚከፍል ሰው ከእኔ አይግዛ።

ወደ ላክቶሜትሬ ልመለስና፣ ውሃ የጨመረ ሰው ቁጥሩ ይወርድበታል። ከላይ የሰፈፈውን ቅባት ገፎ ያስቀረ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ይወጣለታል፤ ቅባት ቀላል ነዋ። ሁለቱንም ያደረገ ብልጥ መስታወቱን ልክ 29 ላይ ያቆመዋል። እንዲህ ያለውን በመስታወት አልይዘውም፤ በምላሴ ነው።

የተፈጥሮ ነገር ሁሉ ደህና ነው ለሚል ሰው ግን አንድ ታሪክ አለኝ። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሠራ ጥናት ወጣ። ከ110 የወተት ናሙና ሁሉም አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኘባቸው፤ ከአውሮፓ ወሰን በታች የነበሩት ዘጠኙ ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን ወሬው አሰላም ደርሶ ሰው ከምሠራበት ማሰባሰቢያ ደጅ መለስ መለስ ይል ጀመር። መርዙ ከየት መጣ? ከፋብሪካ አይደለም፣ ከመርፌም አይደለም። በዋናነት የመጣው ከኑግ ፋጉሎ ነው። የአገራችን ኑግ፣ ዘይቱ ወጥቶ የቀረው ቅሪት፣ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከርም ይሻግታል፤ ላሚቱ ትበላዋለች፣ መርዙ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። ከዚያ ወዲህ ወተት የሚያቀርቡልኝን ሰዎች ስለ ዝርያ መጠየቅ ትቼ ፋጉሏቸውን የት እንደሚያስቀምጡ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቹ «ይቺ ሴትዮ ጓዳ ፈታሽ ሆነች» ይሉኛል። ይበሉኝ።

አንቲባዮቲክም እንዲሁ ነው። ላም የጡት በሽታ ሲይዛት ትወጋለች፤ የተወጋች ላም ወተቷ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለቀናት መደፋት አለበት። ማን ይደፋል? ሊትሩ ገንዘብ ነው። ላቦራቶሪ የለኝም፣ እርጎ ግን አለኝ። አንድ ጊዜ የአንዲት አቅራቢዬ ወተት ጣዕሙም ቁጥሩም ደህና ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን እርጎ አልሆን አለ፤ ከጎኑ የተቀመጠው የሌላ ሰው ወተት ግን በማግሥቱ ረግቷል። ወተት የሚያረጉት ረቂቅ ተሕዋስያን መድኃኒቱን አይችሉትም፤ እነሱ ሲሞቱ ወተቱ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ሴትየዋን ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት፤ መጀመሪያ ካደች፣ በኋላ የሐኪሙን ወረቀት አወጣች። እርግጥ እርጎ የማይረጋበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብርድ፣ ያልታጠበ ዕቃ፣ ያረጀ እርሾ። ግን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይናገራል።

አሁን ወደ ማፍላትና ማስቀመጥ ልምጣ፤ ሰው የሚታመመው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና።

ትልልቆቹ «ጥሬ ወተት ጉልበት ነው» ይላሉ። የበቆጂ ሰው ጨምሮበት እነ ደራርቱና እነ ቀነኒሳ በገብስና በጥሬ ወተት ነው የሮጡት ይላችኋል። ሩጫውን አላውቅም። ጥሬ ወተት ግን የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍበት አንዱ መንገድ ነው። ከተማ ውስጥ በጠባብ በረት ተጠጋግተው በሚታሰሩት የፈረንጅ ላሞች ላይ ነቀርሳው ይበዛል፤ የሐበሻዋም ቢሆን ከሁለቱም ነፃ አይደለችም። ስለዚህ የማንም ላም ይሁን፣ ይፈላ።

እዚህ ላይ አሰላን የሚመለከት ነገር አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን ውሃ የሚፈላው 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ታዲያ ይበቃል ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ አንዲት አስተማሪ ነበረች፤ ጎበዝ ጥያቄ ነው። ይበቃል። ፋብሪካ ፓስቸራይዝ ሲያደርግ ወይ በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያቆየዋል፣ ወይ በ72 ዲግሪ 15 ሰኮንድ። እኛ ከሁለቱም በላይ ነን። የሚያታልለው የወተቱ መገንፈል ነው። አረፋው ዘሎ ሲነሳ ብዙ ሰው «ፈላ» ብሎ ያወርደዋል፤ እሳቱን ቀንሶ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው የሚያስፈልገው። አዲስ የወለደች ላም ከሆነች የመጀመሪያ ቀናት ወተቷ እንገር ነው፤ ሲፈላ ይቆራረጣል። ያ ብልሽት አይደለም፤ የጥጃዋ ድርሻ ስለሆነ ግን እኔ አልቀበልም።

ከፈላ በኋላ ድስቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቀዝቅዞ፣ ከድኖ፣ ፍሪጅ ውስጥ ወደ ኋላ ማስቀመጥ። በሩ ላይ አይደለም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። አራት ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ እየከፈቱ «በርዷል ወይ» ብሎ መዳሰስ ነው ጠላቱ። የላስቲክ ወተት ይፈላ ወይ ለሚሉኝ፦ ከፋብሪካ እስከ ቤት በቅዝቃዜ ከመጣ ማፍላት አያስፈልገውም። ሱቁ ማታ ማታ ፍሪጁን የሚያጠፋ ዓይነት ከሆነ ግን… እኔ አፈላዋለሁ።

ቅዝቃዜን ንቄ የከፈልኩትን ልንገራችሁ። ወተት ቤቱን በከፈትኩ በዓመቱ አዳማ ላይ ገዢ አገኘሁ። የማታውን ወተት ከጠዋቱ ትኩስ ጋር ደባልቄ፣ የዘይት በነበሩ ሦስት ጀሪካኖች 60 ሊትር ሚኒባስ ላይ ጫንኩ። አሰላ ላይ ብርድ ነው፤ ኢተያን አልፎ ዴራ ስትደርስ ፀሐዩ ይለወጣል፤ አዳማ ስትገባ ሌላ አገር ነው። ገዢው አንዱን ጀሪካን ከፍቶ አሸተተና ክዳኑን መልሶ ገጠመው፤ ምንም አላለኝም። ስህተቱ የራሴ ነበር። የጀሪካን እጀታና ጥግ ውስጥ እጅ አይገባም፣ አሮጌ ወተት ይቀርበታል፤ ትኩሱ ደግሞ የቀዘቀዘውን አሙቆ ጀርሙን ይቀሰቅሳል። አሁን አፈ ሰፊ የብረት ዕቃ ነው የማምነው።

ወይም ጮጮ፣ የአያቶቻችን የወተት ዕቃ። አያቴ ጮጮዋን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ የወይራ ፍም ጨምራ ክዳኑን ገጥማ ትንጠው ነበር፤ ጢሱ ገብቶበት ወተቱ ደስ የሚል ሽታ ያወጣል። ሽታ ብቻ አይደለም። ጢሱና ሙቀቱ ዕቃውን ያደርቀዋል፣ ጀርሙንም ይቀንሰዋል፤ በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ፍሪጅን ግን አይተካም።

ሚኒሶታ ያለችው የእህቴ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው የምትጨነቀው። «አክስቴ፣ ኦርጋኒኩ ወተት ወር ከምናምን ይቆያል ይላል፤ መድኃኒት ቢጨምሩበት እንጂ!» ብላ ደወለችልኝ። መድኃኒት አይደለም፤ እሳት ነው። እዚያ ብዙው ኦርጋኒክ ወተት በ138 ዲግሪ ለሁለት ሰኮንድ ያህል ስለሚግል ነው ከተራው ወተት የሚቆየው፤ እርሻዎቹ ጥቂትና ሩቅ ስለሆኑ ረጅም መንገድ መጓዝ አለበት። የመቆያው ቀን ስለ ላሚቱ ምንም አይነግራትም። ከተከፈተ ደግሞ እንደማንኛውም ወተት በቀናት ውስጥ ያልቃል። «ታዲያ ለምንድነው እጥፍ የምከፍለው?» አለችኝ። ለሣሩና ለሜዳው ከሆነ ክፈይ፤ ለቀኑ ከሆነ ተይው አልኳት።

እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው ቀን ሌላ ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ግማሹ ደንበኛዬ ይጠፋል፤ ላሞቹ ግን አይጾሙም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙና ቀን ቀን ደጄ ጭር ይል፣ ማታ ለማፍጠሪያ እርጎ ፈላጊው ይሰለፍ ነበር። ከዚያ የተረፈውን ሁሉ አርግቼ ናጥኩ፤ ቅቤው ለፋሲካ ይውላል። ገበያው ሲደራ ራሴን ረስቼ የመጨረሻዋን ኪሎ ሸጬ ቁጭ አልኩ። ዋዜማው ማታ ለዶሮዬ የሚሆን ቅቤ ከሙስሊሟ ጎረቤቴ ከአዴ ተበደርኩ። የሐበሻ ይሁን የፈረንጅ አልጠየቅኳትም።