አንድ ደረጃ የቀራቸው

በኮለምበስ ኦሃዮ ታክሲ የነዳ ወይም መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ያደረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ፍራንክሊንተንን ያውቀዋል። ከመሀል ከተማው ድልድዩን ተሻግሮ በስተምዕራብ የሚገኘው ዝቅ ያለ ሰፈር ነው። ነዋሪው «ቦተምስ» ይለዋል፤ ታችኛው ሰፈር እንደማለት። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሰፈሩ በሳዮቶ ወንዝ እግር ሥር የተኛ ስለሆነ በ1913 ጎርፍ ሲመጣ ክፉኛ የተጎዳው እሱ ነበር፤ የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ተሠርቶ ያለቀውም ገና በ2004 ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዕድሜ ከሆነ ግን ፍራንክሊንተን ኮለምበስን ይበልጣታል። ሉካስ ሱሊቫንት የሚባል ቀያሽ ቦታውን የሸነሸነው በ1797 ሲሆን ኮለምበስ የተቆረቆረችው በ1812 ነው። ታናሹ ሲከብር ታላቁ ቆሞ ያየበት ሰፈር ማለት ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ጎርፍ ሳይሆን ስለ ቤዝቦል ነው። «ደግሞ ቤዝቦል ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

በፍራንክሊንተን ዌስት ማውንድ ጎዳና ላይ፣ ከመቃብር ስፍራ አጠገብ፣ ኩፐር ስታዲየም የሚባል ሜዳ ነበር። የኮለምበስ ክሊፐርስ ቡድን ከ1977 እስከ 2008 የተጫወተው እዚያ ነው። እኔ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ያገኘሁት ሥራ ከሜዳው ብዙ በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ፣ የምሽት ፈረቃ ነበር። በበጋ ምሽት የስታዲየሙ መብራት ከሩቅ ይታየኛል፣ የሕዝቡም ጩኸት ይሰማኛል። አንድ የዕረፍት ቀኔ ትኬቱ ርካሽ ነው ሲሉኝ ገባሁ። የገና ጨዋታ ተጫውቼ ስላደግሁ ዱላና ሩር አዲስ አልሆነብኝም፤ አዲስ የሆነብኝ የሰዉ እርጋታ ነው። ኳስ ሜዳ የገባ ሳይሆን ሰንበቴ የተቀመጠ ይመስላል። ለብዙ ዓመታት በአንዳንድ ምሽት ሆት ዶጉን በ10 ሳንቲም ይሸጡ ነበርና፣ ጾም ካልሆነ በአንድ ዶላር ቤተሰብ ይጠግባል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ናቸው ነገሩን ያስረዱኝ። ሜዳው ላይ ከማያቸው ልጆች አንዳቸውም እዚህ መቅረት አይፈልጉም። ሁሉም ልባቸው ኒው ዮርክ ነው። ክሊፐርስ ከ1979 እስከ 2006 የኒው ዮርክ ያንኪስ ተተኪ ተጫዋቾች የመጨረሻ ማረፊያ ነበርና፣ ፍራንክሊንተን ለእነዚህ ልጆች አገር ሳትሆን ቪዛ የሚጠበቅባት ከተማ ነበረች። ይህን ስሰማ ካርቱምና ናይሮቢ ትዝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጨዋታ እንደ ባዕድ ጨዋታ አይቼው አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሜጀር ሊግ 30 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከሥሩ አራት ቡድኖች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ ይባላሉ። በጠቅላላው 120 ቡድን መሆኑ ነው፤ በ2021 እስኪቀነስ ድረስ 160 ነበር። ከእነዚህም በታች በፍሎሪዳ፣ በአሪዞናና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የጀማሪዎች ቡድኖች አሉ። ተጫዋቹን የሚቀጥረው፣ የሚያሳድገውና የሚያሰናብተው ታችኛው ቡድን ሳይሆን ላይ ያለው ክለብ ነው። ላይኛው ቡድን የሚይዘው 26 ተጫዋች ብቻ ስለሆነ አንዱ እንዲወጣ ሌላው መጎዳት፣ መሸጥ ወይም መውረድ አለበት። የአንዱ ሰርግ የሌላው ልቅሶ ነው። ትሪፕል ኤ ውስጥ ያለ ተጫዋች የላይኛው ጓደኛው ጉልበት አመመው ሲባል ምን እንደሚሰማው እግዜር ይወቀው።

ይህን መሰላል የዘረጉት ብራንች ሪኪ የሚባሉ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሰው ናቸው። ባለጸጋ ክለቦች የደረሰ ተጫዋች በውድ ሲገዙ፣ እሳቸው ችግኙን ራሳችን እናፍላ ብለው ትናንሽ ቡድኖችን ገዝተው በመረብ አያያዟቸው። ፈረንጆቹ አሠራሩን «ፋርም» ይሉታል፤ እኔ ችግኝ ጣቢያ ብለው ይሻለኛል። የፍራንክሊንተኑን ስታዲየም በ1932፣ ኢኮኖሚው እንዲያ በተንኮታኮተበት ዘመን፣ ያሠራውም ይኸው የካርዲናልስ ክለብ ነው። ሪኪ ኋላ ወደ ብሩክሊን ሄደው ጃኪ ሮቢንሰንን ያስፈረሙ ሰው ናቸው። ሮቢንሰንም ቢሆን በ1947 የዘር አጥሩን ከመስበሩ በፊት የ1946ቱን ዓመት ሞንትሪያል ውስጥ በታችኛው ቡድን አሳልፏል። ስታዲየሙ ደግሞ ከ1984 ጀምሮ የተሰየመው በሃሮልድ ኩፐር ነው። ኩፐር በልጅነታቸው የቡድኑ የመልበሻ ክፍል ተላላኪ ነበሩ፤ አድገው የካውንቲው ኮሚሽነር ሆኑና በ1970 መጨረሻ ከተማዋን ጥሎ የሄደውን ቤዝቦል በ1977 መለሱት። ክሊፐርስ የግለሰብ ሳይሆን የፍራንክሊን ካውንቲ ሀብት የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ 1995 ልውሰዳችሁ።

በዚያ ግንቦት ያንኪስ ሁለት ልጆችን ከኮለምበስ ጠሩ። አንዱ ዴሪክ ጂተር፣ የ20 ዓመት ሾርትስቶፕ ነው። በ1992 ከትምህርት ቤት እንደወጣ በ800,000 ዶላር ፈርሟል። ገንዘቡ ግን ናፍቆትን አላስታገሠለትም፤ መጀመሪያ በተላከበት ፍሎሪዳ ማታ ማታ ያለቅስ እንደነበረና የስልክ ሂሳቡ በየወሩ በመቶዎች ዶላር ይቆጠር እንደነበረ ራሱ ተናግሯል። የስልክ ካርድ እየፋቅን አዲስ አበባ ስንደውል ያደርን ሰዎች ይገባናል። በ1993 ደግሞ በአንድ ዓመት 56 ስሕተት ተመዝግቦበት፣ ይህ ልጅ ከቦታው ይነሣ ያሉ ነበሩ። ሁለተኛው ማሪያኖ ሪቬራ፣ የፓናማ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ያስፈረሙት ከ3,000 ዶላር ባልበለጠ ገንዘብ ነው። በ1992 ክርኑን በቀዶ ጥገና ታክሟል፤ ኳስ ወርዋሪ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድሜውም 25 ደርሶ ነበር፤ በዚህ ሥራ 25 ዓመት ሰው የሚጠረጠርበት ዕድሜ ነው።

ሁለቱም ላይ ወጡ፣ ሁለቱም አልቀናቸውም። ሰኔ ላይ በአንድ ቀን ተነገራቸውና ወደ ፍራንክሊንተን ተመለሱ።

ከፍታውን ቀምሶ መውረድ ገና ካልወጡት በላይ ያማል። ዕቃህን ሸክፈህ፣ ዘመድ አዝማዱ በቴሌቪዥን ካየህ በኋላ፣ እንደገና የመቃብሩ ጎን ሜዳ! ሪቬራ ግን ሰኔ 26 ቀን ለኮለምበስ ከሮቸስተር ጋር ሲጫወት፣ ዝናብ በአምስተኛው ዙር ላይ ጨዋታውን እስኪያቋርጠው ድረስ አንድም ሰው ሳይመታበት ዋለ። ከዚያ ይበልጥ ያስገረመው ፍጥነቱ ነው። በሰዓት 90 ማይል አካባቢ ይወረውር የነበረው ሰው ድንገት ወደ 95 ማይል ተጠጋ። ያንኪስ ለሌላ ክለብ በልዋጭ ሊሰጡት ያስቡ የነበረውን ልጅ መልሰው ጠሩት፤ ጁላይ 4 ቀን በቺካጎ ኋይት ሶክስ ላይ ስምንት ዙር ወርውሮ አንድም ነጥብ ሳያስገባ 11 መቺዎችን አሰናበተ። ጂተርም በኮለምበስ በጋውን ሲቀጠቅጥ ከርሞ በ1996 ቦታውን ያዘ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ ተጫዋቾች ኮከብ ተባለ። ሪቬራ በ2019 የዝና አዳራሽ ሲገባ ከ425 መራጮች አንድም የተቃወመው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ድምፅ ከሱ በፊት ማንም አላገኘም። ጂተር በ2020 ከ397 ድምፅ አንድ ብቻ አጣ። እኔ መኪና ስጠብቅ ከማዶ ይሰማ የነበረው ጩኸት የእነዚህ ሰዎች ነበር።

ይህን ብቻ ነግሬያችሁ ባቆም ግን ነገሩን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። የያንኪስ የ1991 ልጅ ብራየን ቴይለር ይባላል። በዚያ ዓመት ከመላው አሜሪካ በአንደኝነት የተመረጠ የሰሜን ካሮላይና ልጅ ነው። እናቱ ክለቡ ያቀረበውን ሁሉ እየመለሱ 1,550,000 ዶላር አስከፍለዋል፤ እኔ በበኩሌ እኝህን እናት አደንቃለሁ። ልጁ ደብል ኤ ደርሶ ነበር። በ1993 መጨረሻ በተነሣ ጠብ የሚወረውርበት ትከሻው ተጎዳና ከዚያ ወዲያ የቀድሞው ሰው አልሆነም። ፍራንክሊንተን እንኳ ሳይደርስ ቀረ። ሚሊዮን የተከፈለበት ከታች ሲቀር፣ ጫማ መግዣ የተሰጠው ጣሪያ ነካ። የበሩ ዋጋ ስለ ቤቱ ብዙም አይናገርም።

የብዙኃኑ ኑሮ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የትሪፕል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ እስከ 2022 ድረስ በዓመት 17,500 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሲንግል ኤ 11,000። አምስት ሆነው አንድ አፓርትመንት የሚከራዩ፣ በሚነፋ ፍራሽ የሚተኙ፣ ክረምት ሲገባ መጋዘን የሚገቡ ነበሩ። መቼም ይህንን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 የቀድሞ ተጫዋቾች ክስ አቀረቡ፤ በ2018 ኮንግረሱ ከክለቦቹ ጎን የቆመ ሕግ አወጣ፤ በ2022 ክሱ በ185 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ ማኅበር ገቡ፤ በ2023 በተፈረመው ውል ትሪፕል ኤ 35,800፣ ሲንግል ኤ 26,200 ዶላር ሆነ። በዚያው በ2023 የሜጀር ሊጉ ዝቅተኛ ክፍያ 720,000 ዶላር ነበር። በአንድ የስልክ ጥሪ ሃያ እጥፍ! በዚህ መሀል የውጭ አገር ልጆች ሌላ ጣጣ ነበረባቸው፤ እስከ 2006 ድረስ ትንንሾቹ ሊጎች የሚገቡት ኮታው ቶሎ በሚያልቅ የጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ ነበር።

ከአፍሪካ የመጣ አለ ወይ ለሚለኝ አለ እለዋለሁ። ጊፍት ንጎፔ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። እናቱ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ በአንድ የቤዝቦል ክለብ ቤት ይሠሩ ነበርና ልጁ ያደገው እዚያው፣ ሜዳው ደጃፍ ላይ ነው። በ2008 ከፒትስበርግ ጋር ፈረመ። ከዚያ ስምንት ዓመት ተኩል በመሰላሉ ላይ ቆየ፤ በመጨረሻ ያረፈበት ኢንዲያናፖሊስ ከኮለምበስ ጋር በአንድ ሊግ ይጫወታል። እናቱ በ2013 ዐረፉ። ኤፕሪል 26 ቀን 2017 ተጠርቶ ገባ፤ የመጀመሪያዋን ዕድሉን ከጆን ሌስተር መታ፤ በአፍሪካ ምድር ተወልዶ ሜጀር ሊግ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዚያ ዓመት ላይ የተጫወተው 28 ጨዋታ ብቻ ነው። በ2022 ደግሞ ሁለት የኡጋንዳ ልጆች ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ፈርመዋል።

ይህን ሁሉ ያስቆፈረኝ እዚሁ ኮለምበስ የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። ልጁ እዚህ ተወልዶ የ17 ዓመት ኳስ ወርዋሪ ሆኗል። አንድ ቀን ቡና ላይ «ወንድሜ፣ መልማዮች ቤቴ ድረስ መጡ፤ እናቱ ዶክተር ይሁን ትላለች፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ይላል፤ እኔ ይህን ጨዋታ እንኳን ላውቀው ማን እንዳሸነፈ አይገባኝም» አለኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ወዳጄ ብቻውን አይደለም። ስኒከር ያጠለቀ ልጅ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል፤ ስለዚህ ደንቡን በአጭሩ ላስፍረው።

እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ልጅ፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን፣ በየዓመቱ በሐምሌ በሚደረገው የ20 ዙር ምርጫ ሊመረጥ ይችላል። ቢመረጥ የመፈረም ግዴታ የለበትም። ካልፈረመና አራት ዓመት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ከገባ፣ እንደገና የሚመረጠው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ሁለት ዓመት የሚያስተምር ኮሌጅ ከገባ ግን ይህ ጥበቃ የለበትም። ከፈረመ በዩኒቨርሲቲ ቡድን ቤዝቦል መጫወት አከተመ፤ መማር ግን አይከለከልም። ውሉ ውስጥ ክለቡ ወደፊት የትምህርት ወጪውን የሚከፍልበት ዕቅድ ማስገባት ይቻላል። ይህን ሳይጠይቁ የሚፈርሙ ወላጆች አሉ። የሚከፈለው ገንዘብ በቁጥር ስንት ነው፣ ካቆመ በኋላ በስንት ጊዜ ውስጥ ትምህርት መጀመር አለበት፣ ታክሱ በማን ነው፣ እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ይጠየቃሉ። የፊርማው ገንዘብም አንድ ጊዜ የሚከፈል እንጂ ደመወዝ አይደለም።

ከወዳጄና ከልጁ ጋር ባለፈው በጋ ሀንቲንግተን ፓርክ ገብተን ነበር። ክሊፐርስ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 በ16,777 ተመልካች ፊት ፍራንክሊንተንን ተሰናብተው ከ2009 ጀምሮ የሚጫወቱት ወንዙን ተሻግሮ መሀል ከተማው ውስጥ ነው፤ ላይኛው ክለባቸውም ክሊቭላንድ ሆኗል። ፍራንሲስኮ ሊንዶርና ሆሴ ራሚሬዝ ያለፉት በዚህኛው ሜዳ ነው። ልጁ ጨዋታውን ትቶ መቀመጫውን ጥግ የያዙትን፣ ያልገቡትን ወርዋሪዎች ሲቆጥር አመሸ። ዘጠኝ ናቸው አለን። ከዘጠኙ ስንቱ ላይ ይደርሳሉ ብሎ አባቱ ጠየቀው፤ ልጁ ትከሻውን ነቀነቀና ዝም አለ።

አሁን ኦሃዮ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ባዮሎጂ ይማራል፤ ይወረውራልም። የሚቀጥለው ጥያቄ 21 ዓመት ሲሞላው ይመጣል። አባቱ ለጊዜው የቅዳሜ ፈረቃውን ከሌላ ሾፌር ጋር ተለዋውጦ ጨዋታ ማየት ጀምሯል፤ ማን እንዳሸነፈም አሁን ይገባዋል።