ደመናው ሲጠቁር ጉልበት ለምን ይብሳል?

«ዛሬ ይዘንባል፤ ጉልበቴ ነግሮኛል» የሚሉ እናት ወይም አባት በቤትዎ አሉ? ከሆለታ እስከ ጊንጪ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር ባሉት የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህ አባባል እንግዳ አይደለም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ክረምቱ ዝናባማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ስለዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል።

ጥፋተኛው አየሩ ነው?

የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,600 በላይ ሕመምተኞችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ እርጥበትና ነፋስ ሲጨምር፣ የአየር ግፊትም ሲቀንስ ሕመሙ በመጠኑ እንደሚብስ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ከ11 ሚሊዮን በላይ የሕክምና ጉብኝቶችን መርምሮ፣ በዝናባማ ቀናት በመገጣጠሚያና በጀርባ ሕመም የሚመጣው ሰው እንዳልጨመረ አረጋግጧል።

ሁለቱን ስናስታርቃቸው፣ አየሩ ያለውን ሕመም ሊያባብስ ይችላል፤ በሽታውን ግን አይፈጥረውም። «ብርድ ነው የያዘኝ» ብሎ ዓመታት ያለ ምርመራ መቆየት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እንቅስቃሴ ይቅደም

ሲበርድ ጋቢ ደርቦ ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ ያምራል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ጉልበት ይበልጥ ይደርቃል፤ ጭኑም ይሰንፋል። ዝናብ ከሆነ በቤት ውስጥ በየሰዓቱ ጥቂት ይራመዱ። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀስ ብለው ዘርግተው ጥቂት ሰከንድ ይያዙ፤ በሁለቱም እግር አሥር አሥር ጊዜ ይድገሙት።

ለእናትዎ ቡና የሚያፈሉበትን በርጩማ ከፍ ባለ ወንበር ይለውጡላቸው፤ ምጣዱንም ከፍ አድርገው ያስቀምጡላቸው። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙት። ክብደት ላለው ሰው ደግሞ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእርምጃ ጊዜ ከጉልበት ላይ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያነሳል።

ስለ ፍል ውሃው

አምቦ ቀድሞ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ በፍል ውሃዋም ከጥንት ጀምሮ ትታወቃለች። የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ «ፈዋሽ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በልኩ ልናገር። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያላላል፣ ሕመምን ያስታግሳል፣ በውሃ ውስጥ መንቀሳቀስም ለጉልበት ይቀላል። ያለቀ ልም አጥንትን ግን አይመልስም። የልብ ሕመም ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

በቤትም በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ይረዳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀቱን በደንብ ላይለይ ስለሚችል፣ ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት። ያበጠና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ላይ ሙቀት አይያዙ።

ክኒኑ ይታሰብበት

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሳሉ። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱና የደም ግፊትን ሊያንሩ ይችላሉ። በጾም ወቅት በባዶ ሆድ የሚውጡ ወላጆች ካሉዎት የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪም ወይም ከፋርማሲ ባለሙያ ጋር ያስተካክሉ። ለጉልበት የሚቀባው ዲክሎፌናክ ለብዙ አዛውንቶች ጨጓራን የሚያሳስብበት መጠን ያነሰ ነው።

መቼ ወደ ሐኪም?

የጠዋቱ መድረቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች ካበጡ፣ ወይም የእግር አውራ ጣት በድንገት ቀልቶ ካቃጠለ ይመርመሩ፤ የመጨረሻው ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ሥጋና ቢራም ያባብሰዋል። አንድ መገጣጠሚያ አብጦ ትኩሳት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ይሂዱ።

ልጆችንም አይርሱ። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከአንጓ አንጓ የሚዘዋወር ሕመምና ትኩሳት የልብን ቫልቭ የሚጎዳ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ዛሬ ማታ ሲሰባሰቡ አንድ ጥያቄ ለወላጆችዎ ያቅርቡ፦ «ለጉልበትዎ ምን ክኒን ይወስዳሉ? ከመቼ ጀምሮ?» መልሱ ካሳሰብዎ ክኒኑን ይዘው አብረዋቸው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።