ነጋዴውና የጨረር አደጋ ምልክት

የማስጠንቀቂያ ምልክት የሚጠቅመው ያየው ሰው ትርጕሙን ሲያውቅ ብቻ ነው። ለዚህም በታይላንድ አገር በሳሙት ፕራካን በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የደረሰው መከራ ምስክር ነው።

በዚያ ለሕክምና ያገለግል የነበረ ኮባልት 60 የተባለ ጨረር አመንጪ የያዘ አሮጌ መሣሪያ ያለ በቂ ጥበቃ ተቀምጦ ሳለ፥ ክፍሉ ከውዳቂ ብረት ነጋዴ ሱቅ ደረሰ። ብረቱ በተቈረጠ ጊዜ ጨረሩ መከለያ አጣ፤ ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ሦስት ክንፍ ያለው የጨረር ምልክት ተለጥፎበት ነበር፤ ነገር ግን ሠራተኞቹ አላወቁትም፤ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያም አልነበረበትም።

እንዲህ ያለው አደጋ እንዳይደገም በ2007 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ጋር አዲስ ምልክት አወጣ። በቀይ መደብ ላይ ጨረር፥ የራስ ቅልና የሚሸሽ ሰው ተሥሎበታል። የሚለጠፈውም በመሣሪያው ውስጥ ከምንጩ አጠገብ ነው።

በሚጓጓዝ ሣጥን ላይ ግን የሚታየው ባለ ሦስት ክንፉ ምልክትና 7 ቍጥር ያለበት ወረቀት ነው፤ ነጩ አነስተኛውን፥ ቢጫው ከፍ ያለውን ጨረር ያመለክታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ብረት በርካሽ ያገኘ ነጋዴ ትርፍ አገኘሁ አይበል፤ ሳይነካ ይራቅ፥ ለሚመለከተው ባለሥልጣንም ያስታውቅ።