እጅ የማይደርስባት ቀለበት

የጦር አውሮፕላን ወድቆ አብራሪው ሲሞት፣ «የአብራሪ ስህተት» የሚል የምርመራ ውጤት በተደጋጋሚ እናነባለን። እኔ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈልገው አብራሪው ምን ሳያደርግ እንደቀረ አይደለም፤ እንዲያደርገው የተጠየቀው ነገር በዚያ ሰዓት የሚቻል ነበር ወይ የሚለውን ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ የሻምበል ጄፍሪ ሄኒ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2010 ምሽት፣ አላስካ ውስጥ፣ ያበርረው የነበረው የአሜሪካ አየር ኃይል ኤፍ-22 ተዋጊ ጄት ተከስክሶ ሕይወቱ አለፈ።

ነገሩ የጀመረው እኛ በየቀኑ ከምንሠራበት ክፍል ነው። ሞተሩ ከጨመቀው አየር ከፊሉ በቱቦ ተቀድቶ ለጓዳው ግፊትና ለማቀዝቀዣው ይውላል፤ ብሊድ የምንለው ነው። እጅግ ስለሚግል፣ ቱቦው ካፈሰሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ሙቀት የሚለይ ሴንሰር አለው፤ ሙቀት ሲሰማው ቫልቩ ይዘጋል። በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ የአንዱ ሞተር አየር ቢዘጋ ሌላው ይሸፍናል፤ የአብራሪዎቹ ኦክስጅን ደግሞ ለብቻው በጠርሙስ ተቀምጧል። ኤፍ-22 ላይ ግን አብራሪው የሚተነፍሰው ኦክስጅን የሚመረተው ከዚያው ከሞተሩ አየር ነበር። ያን ምሽት የማስጠንቀቂያው ምልክት ሲመጣ ሥርዓቱ አየሩን ዘጋ፤ የኦክስጅን ማምረቻውም አብሮ ቆመ። አውሮፕላኑ ራሱን ከእሳት ሲከላከል የሰውየውን ትንፋሽ ቆረጠ።

የመጠባበቂያው ኦክስጅን የሚከፈተው በመቀመጫው ግራ ጎን ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ቀለበት በእጅ በመሳብ ነበር። ሻምበሉ የአላስካን ብርድ የሚከላከል ወፍራም ልብስ ለብሷል፤ የሌሊት መነጽር አጥልቋል፤ ጨለማ ነው። እኛም ሃንጋር ውስጥ ክንዳችንን እስከ ትከሻ አስገብተን በዳሰሳ ብቻ የምንፈታው ቦልት አለ። ግን መሬት ላይ ነን። መብራት እናመጣለን፣ ባልደረባ እንጠራለን፣ እምቢ ካለም ነገ እንመለስበታለን። እሱ ከድምፅ በፈጠነ ጄት ቁልቁል እየተምዘገዘገ ነበር። ከመሬት ሊላተም ሦስት ሰከንድ ያህል ሲቀረው የጄቱን አፍንጫ ለማቃናት ሞከረ፤ ጊዜው አልፎ ነበር።

የአየር ኃይሉ መርማሪ ቦርድ በዲሴምበር 2011 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ አብራሪው ሐሳቡ ሁሉ አየር ወደ መመለሱ ስለዞረ መሣሪያዎቹን መከታተል አቁሟል፣ አቅጣጫም ጠፍቶበታል አለ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሐሳቡ ወደ ትንፋሹ መዞሩን የአደጋ መንስኤ ብሎ መመዝገብ አይዋጥልኝም። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተርም በፌብሩዋሪ 2013 የቦርዱን ድምዳሜ ተቸ፤ የኦክስጅን እጥረትንና ድንገት ራስን መሳትን የመሰሉ ምክንያቶች በበቂ አልተመረመሩም አለ። በ2011 የኤፍ-22 አብራሪዎች የኦክስጅን እጥረት ምልክት እያሳዩ ጄቶቹ ለወራት ከበረራ መታገዳቸው ይታወሳል። የዚያ ምክንያት ግን በኋላ በአብራሪዎቹ የግፊት ሰደርያ ቫልቭ ላይ ስለተገኘ፣ ከዚህ አደጋ ጋር አላደባልቀውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በሩቁ አንመለከትም። በማርች 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎች ይዞ ሲወድቅ፣ በወራት ውስጥ አንዳንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ጣታቸውን በአብራሪዎቹ ላይ ቀስረው ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፍቅ የነበረው ግን ከአንድ ሴንሰር በመጣ የተሳሳተ መረጃ የተነሳ ሶፍትዌር ነው።

ከሻምበል ሄኒ ሞት በኋላ በኤፍ-22ዎቹ ላይ የአብራሪውን እጅ ሳይጠብቅ በራሱ የሚከፈት የመጠባበቂያ ኦክስጅን ተገጠመ። አየር ኃይሉ ግን በድምዳሜው ጸንቷል። የአውሮፕላኑን አሠራር ካስተካከሉ ዘንዳ፣ በሟቹ ስም ላይ የጻፉትንም ማስተካከል ነበረባቸው።