ወዳጅን በክብር ስለ መሸኘት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በአንጋጫና በዶዮገና የምትገኙ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ይህን ነገር ያነሣሁት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ባሏ በሞተ በ20ኛው ቀን ወደ እኔ መጥታ፣ «ይፍቱኝ አባቴ፤ ለዐርባው በሬ የምገዛበት ስለሌለኝ መሬቴን በወለድ አገድ ልሰጥ ነው። ይህን ባላደርግ ነፍሱ ትጐዳ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ያላት መሬት ከእንሰቱ ጓሮ ሌላ አንዲት ጥማድ ብቻ ነው፤ ልጆቿ ግን አምስት ናቸው።

እኔም፣ «ልጄ፣ ነፍሱ የምትሻው ጸሎትን እንጂ በሬን አይደለም» አልኋት።

ፍትሐት ማለት መፍታት ማለት ነው፤ ሟቹ ከኃጢአት እስራት ይፈታ ዘንድ ካህናት የሚለምኑበት ጸሎት ነው። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ የጌታችንን ሥጋ በሽቱና በበፍታ እንደ ገነዙት፣ የምእመኑም ሥጋ ታጥቦ በነጭ ልብስ ይገነዛል። ከቤት እስከ መቃብር በሰባት ምዕራፍ እየቆመ መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል። ትንሣኤን የሚጠብቅ ነውና በመቃብርም ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይደረጋል። ከዚያም በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በሙት ዓመቱ ይታሰባል። 3ኛው ቀን የጌታን ትንሣኤ ያሳስበናል፤ 30ኛው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱበት፣ 40ኛውም የያዕቆብን ሥጋ ሽቱ የመቀባቱ ሥራ የተፈጸመበት ቀን ቍጥር ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ጧፍና ዕጣን ነው፤ ሟቹም በክርስትና ስሙ ይጠራል። (ይህን ስም ሳይጠይቅ ቀርቶ በቀብር ሰዓት የሚዋከብ ቤተ ሰብ ስንት ነው!) በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ብዙዎች ያለ ድንኳንና ያለ ድግስ በጥቂት ሰው ተቀበሩ፤ የተደረገላቸው ጸሎት ግን ስለዚህ አላነሰም።

የተዝካር ማዕድ መሠረቱ ምጽዋት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ የምናደርግ ብንሆን ብድራት ሊመልሱልን የማይችሉትን ድኆችንና ዕውሮችን እንድንጠራ አዞናል። ዛሬ ግን ባለጸጋው በድንኳን ተቀምጦ ይበላል፤ ድኃው በደጅ ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል፤ ዕዳውም ለሙት ልጆች ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። በሐዲያና በከምባታ በአንድ ቤት ውስጥ ኦርቶዶክሳዊ አባት፣ የቃለ ሕይወት ወይም የመካነ ኢየሱስ ልጅ፣ ካቶሊክ አማች መገኘታቸው የታወቀ ነው። ሬሳ ተጋድሞ ሳለ «በየትኛው ሥርዓት ይቀበር?» እያሉ መከራከር ግን ለሟቹም ለኗሪውም ውርደት ነው። ስለዚህ ሰው በሕይወቱ ሳለ የንስሓ አባቱን፣ የክርስትና ስሙንና ሊቀበር የሚወድበትን ቦታ ለልጆቹና ለዕድሩ ዳኛ ያስታውቅ። ጸሎቱ የካህናት ነው፤ መቃብር መቆፈር፣ ድንኳን መትከል፣ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ግን የዘመድ ሁሉ ነው።

ያቺ እናት በዐርባው ቀን ስንዴና ጧፍ ይዛ መጣች፤ ከቅዳሴም በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ቆጮና ጎመን አቀረበች። ከባሏ ዘመዶች አንዳንዶቹ ቅር ተሰኝተው ሳይመጡ ቀሩ። መሬቱ ግን ዛሬም በእጇ ነው፤ በዚህ ዓመት ገብስ ዘርታበታለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።