ዘጠኝ ባይት «ሰላም»፦ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ በሥራ ሲለመድ

አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ነገር የታወቀ ነው፤ ስክሪን ላይ «ሰላም ዓለም» የሚል መስመር ማውጣት። ብራያን ከርኒገንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሲ ቋንቋ ያሳተሙት መጽሐፍ ልማዱን ካስፋፋው ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት በር መክፈቻ ሆኖ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ይህች መስመር ስለ ቋንቋው የምትነግረን ነገር የለም። በፓይተን ተጻፈች፣ በጃቫስክሪፕት ወይም በጎ፣ የሚታየው ያው ነው። ተከትለው የሚመጡት ምዕራፎችም አንድ ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው እምብዛም አይከብዱትም። ቅንፉና ነጥቡ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው ብሎ ይሻገራቸዋል።

መሰናክሉም ያለው እዚሁ «ያው ነው» ላይ ነው። ሁለት ቋንቋዎች በግልጽ ሲለያዩ ፕሮግራመሩ ይጠነቀቃል፤ ተመሳስለው ሲለያዩ ግን ሳያውቀው የድሮ ልማዱን ይዞ ይገባል። እንዲህ ያሉ ልዩነቶች ደግሞ በመጽሐፍ መልመጃ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ሰዎች እንደፈለጉ የሚጽፉበት፣ የጥንትም የዛሬም ቀን የሚገባበት፣ ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ነገር ሲሠራ ነው የሚጋለጡት። ትንሽ ዌብ አፕሊኬሽን እየሠሩ መማር የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ድረ ገጽ እንውሰድ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር ማስታረቅ ያለበት ሰው ሁሉ፣ በተለይ በውጭ አገር የሚኖር፣ ጥቅሙን ያውቀዋል። የምንማረው ቋንቋ ጎ ይሁን፤ ተማሪው ደግሞ ፓይተንን የለመደ ሰው። ጎ በጉግል ውስጥ ሮበርት ግሪሰመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ2007 መንደፍ ጀምረው በ2009 ለሕዝብ ይፋ ያደረጉት ቋንቋ ነው። ቁልፍ ቃላቱ 25 ብቻ ናቸው። ሰርቨር ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ ከቋንቋው ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ሌላ ነገር ሳይጫን በጥቂት መስመር ድረ ገጽ ማቆም ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠቃሚው ቀን፣ ወርና ዓመት ሞልቶ ይልካል፤ ሰርቨሩ የተላከውን ያነባል፣ ያሰላል፣ መልሱን ገጽ አድርጎ ይመልሳል። ስሌቱን ለማቅለል ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ወደ አንድ የቀን ቁጥር ይለወጣሉ። በኮምፒውተር ዓለም የተለመደው መነሻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ከዚያ ሲቆጠር መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 19,612ኛው ቀን ላይ ይውላል። እስከዚህ ድረስ የፓይተን ልማድ ያዘልቃል። ከዚህ በኋላ ግን አራት ቦታ ላይ ይከዳል።

ፊደል

ገጹ ላይ የወር ስም አሳጥረን መጻፍ ፈለግን እንበል፤ «መስከረም» የሚለውን «መስከ» ብለን። በፓይተን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ቁረጥ ማለት ይበቃል። ጎም ተመሳሳይ የሚመስል አጻጻፍ አለው፤ ሲሠራ ግን ገጹ ላይ «መ» ብቻ ይወጣል። ሁለት ቁረጥ ብንለው ደግሞ ጭራሽ ፊደል ያልሆነ የጥያቄ ምልክት ይታያል። «ሰላም» ስንት ርዝመት አለው ተብሎ ቢጠየቅ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት 3 ሲሉ ጎ 9 ይላል።

ጎ አልተሳሳተም፤ የሚቆጥረው ባይት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ የራሱን ተራ አግኝቷል። በያዘው ቦታ ምክንያት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። ስለዚህ ከ«መስከረም» ሦስት ባይት ሲቆረጥ የሚተርፈው አንድ ፊደል ነው፤ ሁለት ሲቆረጥ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ይሰበራል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚለማመድ ተማሪ ይህን ልዩነት ለዓመታት ላያየው ይችላል፤ በአማርኛ የሚሠራ ግን በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል።

በባይት የመቁጠሩ ምርጫ የመጣው ከንድፍ አውጪዎቹ ታሪክ ነው። ዩቲኤፍ-8ን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠው የነደፉት እነዚሁ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። ጎን ሲሠሩ ጽሑፍን በራሳቸው ሥርዓት፣ በባይትነቱ አስቀመጡት፤ በፊደል መቁጠር ለሚፈልግ ደግሞ «ሩን» የሚባል ሌላ ዓይነት አዘጋጁ። ተማሪው የወሩን ስም ወደ ሩን ለውጦ ሲቆርጠው «መስከ» ይወጣለታል። ጽሑፍ በኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሆነም አብሮ ይገባዋል።

ቀሪ

ሁለተኛው እንቅፋት ከሁሉም ይበልጥ የተደበቀ ነው። ገጹ ዕለቱንም እንዲነግረን ፈለግን። ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሐሙስ ነበር። ስለዚህ የዕለታቱን ስም ከሐሙስ ጀምረን እንደረድራለን፤ ሐሙስ 0፣ ዓርብ 1፣ ቅዳሜ 2፣ እሑድ 3፣ እያልን። ከዚያ የቀኑን ቁጥር ለ7 አካፍለን በቀሪው ተራ ያለውን ስም እናወጣለን። ለዛሬ ይሠራል፤ ለመጪው ዓመትም ይሠራል።

አሁን አንድ ተጠቃሚ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ብሎ የዓድዋን ቀን ያስገባል። ቀኑ ከ1970 በፊት ስለሆነ ቁጥሩ ኔጋቲቭ ነው፤ −26,968። ይህን ለ7 ስናካፍል ቀሪው ስንት ነው? ፓይተን 3 ይላል፤ ሦስተኛው ተራ እሑድ ነው፤ የዓድዋ ጦርነትም የዋለው እሑድ ነው። ጎ ግን ያንኑ ስሌት ሠርቶ −4 ይላል። በጎ ዝርዝር ውስጥ ኔጋቲቭ ተራ የሚባል ነገር ስለሌለ ፕሮግራሙ «ከዝርዝሩ ውጪ ነው» ብሎ ያንን ጥያቄ ያቋርጣል። ጃቫስክሪፕትም −4 ነው የሚለው፤ እሱ ግን አያቋርጥም። የዕለቱ ስም መውጣት በነበረበት ቦታ «ያልተገለጸ» የሚል የራሱን ቃል አስቀምጦ ዝም ብሎ ያልፋል።

ሦስቱም በሒሳብ ትክክል ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ማካፈሉ ላይ ነው። ጎና ጃቫስክሪፕት ውጤቱን ወደ ዜሮ ያጠጋሉ፤ ፓይተን ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀሪውም ይህንኑ ተከትሎ ይለያያል። መፍትሔው አጭር ነው፤ ቀሪው ላይ 7 ደምሮ እንደገና ለ7 ማካፈል። −4 ሲደመር 7 ሦስት ይሆናል፤ እሑድም ይመለሳል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ሊረሳው ይችላል፤ ገጹ ዓድዋ ላይ የቆመበት ሰው ግን ሌላ ጊዜ በጎ ቀሪ ሲያሰላ ኔጋቲቭ ቁጥር ሊመጣ ይችል እንደሆነ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ስህተት

ተጠቃሚ ሁልጊዜ እኛ የጠበቅነውን አይጽፍም። በቁጥር ፈንታ «፳፫» ብሎ በግዕዝ ቁጥር ሊሞላ ይችላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚል የሌለ ቀንም ሊጠይቅ ይችላል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ማለት ነው። 2015 ሉቃስ ነበር፤ 2016 ግን ዮሐንስ።

ፓይተን ጽሑፍን ወደ ቁጥር መለወጥ ሲያቅተው ሥራውን አቋርጦ ስህተቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ የሆነ ቦታ ላይ የሚይዘው ኮድ ካልተጻፈ ጥያቄው ይወድቃል። በጎ ግን ያው ትእዛዝ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ቁጥሩንና ስህተቱን። ስህተቱን በተለዋዋጭ ተቀብሎ ምንም ሳያደርጉበት ማለፍ አይቻልም፤ ኮምፓይለሩ «ይህን አውጀህ አልተጠቀምክበትም» ብሎ ፕሮግራሙን አላስነሳም ይላል። ለጀማሪ ያታክታል። በየመስመሩ «ስህተት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ኮዱን ያስረዝመዋል። በምላሹ ግን እያንዳንዱ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ ላይ ምን እንደሚደረግ ተወስኖ ይቀመጣል።

ጳጉሜን 6ን በተመለከተ ውሳኔው የፕሮግራመሩ ነው። የጎ የራሱ የጊዜ መሣሪያ ኦክቶበር 32 ቢባል ሳያጉረመርም ኖቬምበር 1 ያደርገዋል። እኛም ጳጉሜን 6 ቀን 2016ን መስከረም 1 ቀን 2017 ልናደርገው እንችላለን። ለልደት ምስክር ወረቀት ቀን የሚፈልግ ሰው ግን ስህተቱ ቢነገረው ይሻላል።

የጋራ መዝገብ

አራተኛው የሚታየው ገጹ ተጠቃሚ ሲያገኝ ነው። ስንት ቀን እንደተቀየረ የሚቆጥር ቁጥር ከገጹ ግርጌ ብናስቀምጥ፣ ኮዱ በእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የሚደምር አንዲት መስመር ነው። በጃቫስክሪፕት፣ በኖድ ሰርቨር ላይ፣ ኮዱ በመደበኛው አሠራር በአንድ መስመር ተራ በተራ ስለሚሄድ ችግር የለም። የጎ ሰርቨር ግን እያንዳንዱን ጥያቄ «ጎሩቲን» በሚባል የራሱ የሥራ መስመር ያስተናግዳል፤ ሁለት ጥያቄዎች በእውነት እኩል ሊሠሩ ይችላሉ።

አንድ መዝገብ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች ሳይነጋገሩ ሲጽፉ ማሰብ ነው። ሁለቱም ገልጠው 41 የሚል ያነባሉ፤ ሁለቱም አንድ ደምረው 42 ብለው ይጽፋሉ። ሁለት ሰው ተስተናግዶ የተመዘገበው አንድ ነው። ጎ እንዲህ ያለውን ግጭት የሚያገኝ መሣሪያ ስላለው፣ ተማሪው ፕሮግራሙን በዚያ መሣሪያ አስነስቶ ገጹን ደጋግሞ ሲከፍት የትኛው መስመር ላይ እንደተጋጩ በቁጥር ይነገረዋል። ከዚያ ቁልፍ ያደርግበታል፤ አንዱ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል።

የመማር ሳይንስ ምን ይላል?

የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ሰዎች ኮድ ሲያነቡ አንጎላቸው ውስጥ የሚነቃው በዋናነት ንግግርና ጽሑፍ የሚስተናገድበት ክፍል እንዳልሆነ አሳይተዋል። ይበልጥ የሚሠራው ከባድ ስሌትና እንቆቅልሽ ስንፈታ የሚነቃው መረብ ነው። ስለዚህ የቋንቋውን ቃላት መሸምደድ ሩቅ አያስኬድም፤ የሚለመደው ችግር በመፍታት ነው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራም ይደግፈዋል። ተማሪዎች ሁለት ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ አንዱን ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ከራሳቸው አውጥተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ቪዲዮ እያዩ ኮድ የሚገለብጡ፣ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈላቸውን የሚለጥፉ ተማሪዎች ዛሬ የገባቸው የሚመስላቸው ነገር በሳምንቱ የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው።

ይህ ምክር ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልጀብራ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለጀማሪዎች ብዙ ጥያቄ ከመሥራት ይልቅ የተሠሩ ምሳሌዎችን ማጥናት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ ሰው ሰርቨር፣ ፎርም፣ ዳታቤዝና አዲስ ቋንቋ በአንድ ቀን መጫን ግራ ከማጋባት አያልፍም። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ሌሎች የሠሯቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች መስመር በመስመር ቢያነብ፣ ቢነካካ፣ ቢያበላሽና ቢያስተካክል ይሻለዋል። ከባዶ ዌብ አፕሊኬሽን መሥራት አንድ ቋንቋ ለያዘና ሁለተኛውን ለሚጀምር ሰው የሚመከር መንገድ ነው።

ሁለተኛ ቋንቋ ሊጀምሩ ላሰቡ አንባቢዎች የምለው ይህን ነው። ራስዎ የሚጠቀሙበትን ትንሽ ገጽ ይምረጡ፤ የዕቁብ መዝገብ ቢሆን፣ የቀን መቀየሪያ ቢሆን። ሥራውን በሚያውቁት ቋንቋ መሥራት እንደሚችሉ እርግጠኛ ይሁኑ፤ አዲስ የሚሆንብዎ ቋንቋው ብቻ ይሁን። ኮዱን ከማስነሳትዎ በፊት ምን እንደሚመልስ ይገምቱ፤ ግምትዎ ሲሳሳት ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉት። ገጹ አለቀ ከማለትዎ በፊትም በአራት ነገር ይፈትኑት፤ በአማርኛ ጽሑፍ፣ ከ1970 በፊት በሆነ ቀን፣ በሌለ ቀን፣ እና በአንድ ጊዜ በሚከፍቱት ሁለት ተጠቃሚዎች። ከአራቱ በአንዱ የወደቀ ገጽ ቋንቋው ውስጥ ገና ያልተረዱት ነገር እንዳለ በግልጽ ይነግርዎታል፤ ቀጥሎ ማንበብ ያለብዎትም ያንን ምዕራፍ ነው።