ከሳሎን እስከ ማንጎው ጥላ፦ ዋይፋይ ግቢን እንዴት ያዳርሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይለወጣል። ጋቢ ይወልቃል፤ የመኪና መስኮት ይከፈታል። ሸዋ ሮቢትን አልፎ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አጣዬ ሲደርስ መንገደኛው ማሾና ጤፍ፣ ማሽላና ሽንኩርት የሚበቅልበት የይፋት ቆላ ውስጥ ነው። እዚህ ቤት የሚያድሩበት እንጂ የሚውሉበት አይደለም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ሰው ወደ ውጭ ይወጣል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል፤ ጨዋታው ማንጎ ወይም ኒም ሥር ይደራል፤ ተማሪም ደብተሩን ይዞ ጥላውን እየተከተለ ይቀመጣል።

የኢንተርኔት መስመር ግን የሚገባው ሳሎን ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጣል፤ ስልኩ ቤት ውስጥ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፤ በረንዳው ላይ ይቀንሳል፤ ዛፉ ሥር ሲደርሱ ይቆራረጣል። ይህ ችግር የመኖሪያ ቤት ብቻ አይደለም። በመንገዱ ዳር ያሉ ሆቴሎች እንግዳቸውን የሚያስተናግዱት ግቢ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ብሎኮቹ ተራርቀው የተሠሩ ናቸው። ሆስፒታል ካርድ ክፍሉ በአንድ ቤት፣ ላቦራቶሪው በሌላ፣ መድኃኒት ቤቱ በሦስተኛ ነው። ብዙዎች ጥያቄውን ሲጠይቁ “የቱ ራውተር ነው ጉልበት ያለው?” ይላሉ። መልሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ገመድ አልባውን ሩቅ የሚያደርሰው ገመድ ነው።

ማሰራጫው ምንድን ነው?

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። መሠረቱ የተጣለው የአሜሪካ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 አንዳንድ የሞገድ ክልሎችን ያለ ልዩ ፈቃድ ለአጭር ርቀት ግንኙነት በፈቀደ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአሠራር ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። “ዋይፋይ” የሚለው የንግድ ስም በ1999 ተከተለ።

እኛ ራውተር የምንለው ሣጥን በእርግጥ ሦስት ሥራ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ከውጭ የመጣውን መስመር ይቀበላል፣ ለቤቱ ዕቃዎች በገመድ ያከፋፍላል፣ በአንቴናውም ሞገድ ያሰራጫል። ሦስተኛውን ሥራ ብቻ ለይቶ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ማሰራጫ ወይም አክሰስ ፖይንት ይባላል። ለግቢ የሚፈለገው ይህ ነው። ለውጭ ተብሎ የተሠራው ዓይነት አቧራና ዝናብ እንዳያስገባ ተደርጎ የታሸገ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው “አይፒ 65” ወይም “አይፒ 67” የሚለው ምልክት የዚህ መለኪያ ሲሆን፣ 6ቱ ቁጥር አቧራ ጨርሶ እንደማያስገባ፣ ቀጣዩ ደግሞ ውኃን ምን ያህል እንደሚከላከል ይናገራል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ራውተር አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የውጩ ግን ብዙውን ጊዜ 60ንና ከዚያ በላይን እንዲችል ሆኖ ይሠራል። ለቆላ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቤት ውስጥ ራውተር ሲግል ይዝለፈለፋል፤ ራሱን እያጠፋ ይነሣል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ሲግናሉን የሚበላው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ርቀት ራሱ ይበላዋል። ምንም የሚከልለው ነገር ባይኖር እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። 10 ሜትር ላይ የነበረው 20 ሜትር ላይ አንድ አራተኛ፣ 40 ሜትር ላይ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይሆናል።

ቀጥሎ የምንሠራበት ቁሳቁስ አለ። ቆርቆሮ፣ የብረት በርና የብረት መስኮት ሞገዱን መልሰው ያንጸባርቁታል እንጂ አያሳልፉትም። በቆርቆሮ የተከለለ ሱቅ ወይም ሰርቪስ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ራውተር ወደ ውጭ የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ ከውጭም ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚገባው ጥቂት ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ይመጥጡታል። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ይሻላል፤ በክረምት ሲረጥብ ግን ይብስበታል፤ ውኃ ይህን ሞገድ ይመጥጣልና። ማንጎውም እንደዚሁ ነው። ጥላው የወፈረው ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለና ውኃ የቋጠረ ስለሆነ ነው፤ ያው ቅጠል ሞገዱን ያስቀረዋል። ዝናብ ሲዘንብ ዋይፋይ ደከመ የሚባለውም በአብዛኛው በሚወርደው ጠብታ አይደለም። በግቢ ርቀት የዝናቡ ጠብታ የሚቀንሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያደከመው የረጠበው ቅጠልና የረጠበው ግድግዳ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ስልኩ። ዋይፋይ የሁለት ወገን ንግግር ነው። ማሰራጫው 100 ሚሊዋት ገደማ ሲያወጣ ስልክ፣ ባትሪው ትንሽ ስለሆነ፣ ከዚያ ያነሰ ያወጣል። ስለዚህ ኃይለኛ ማሰራጫ ተገዝቶ ስልኩ ሙሉ ሲግናል እያሳየ ገጹ አልከፍት የሚለው ስልኩ ማሰራጫውን እየሰማ፣ ማሰራጫው ግን ስልኩን ስለማይሰማው ነው። ጉልበት ያለው ራውተር መግዛት መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ማሰራጫውን ማቅረብ ግን የሁለቱንም መንገድ ያሳጥራል። ሳሎን ያለውን ፋኖስ ከማጉላት ፋኖሱን ግቢ ማውጣት ይሻላል።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያውና ርካሹ መንገድ ደጋሚ ነው፤ ሱቅ ላይ ሪፒተር ወይም ኤክስቴንደር ይባላል። ከራውተሩ የሰማውን መልሶ ያሰማል። ችግሩ በአንድ ሬዲዮ የሚሠራው ዓይነት መስማትና መናገርን በተራ ስለሚያደርግ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ መውረዱ ነው። በዚያ ላይ ሰዎች የሚሰኩት ሲግናል በጠፋበት ቦታ ነው። በደንብ ያልሰማውን ደግሞ በደንብ ሊደግም አይችልም። መቀመጥ ያለበት ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት በመካከል ነው። ለአንድ በረንዳ ይበቃል፤ ለግቢ አይበቃም።

ሁለተኛው ሜሽ የሚባለው ነው። ሁለት ሦስት ሣጥኖች በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ እየተባበሩ ይሠራሉ፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ለእርስ በርስ ግንኙነት ብቻ የተለየ ሬዲዮ ያላቸው የተሻሉ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ግን በየሣጥኑ መካከል ወፍራም ግድግዳ ወይም ዛፍ ካለ ይዳከማሉ።

ሦስተኛው፣ አስተማማኙ፣ ከራውተሩ እስከ ግቢው ማሰራጫ ድረስ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ የአብዛኛው ሰው ግቢም በዚህ ውስጥ ይጠቃለላል። በዚያው ኬብል ውስጥ ኤሌክትሪክም መላክ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደረጃ መሠረት በ48 ቮልት ገደማ እስከ 15 ዋት የሚሆን ኃይል በቀጭኑ የኔትወርክ ሽቦ ያልፋል። ስለዚህ ማሰራጫው በተሰቀለበት ሶኬት አያስፈልግም፤ 220 ቮልት ይዞ ዝናብ ወዳለበት መውጣትም ይቀራል።

ኬብሉ ለውጭ የተሠራ ይሁን። የቤት ውስጡ ልባስ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ጥቁሩ የውጭ ዓይነት ይቋቋማል። ከመሬት በታች የሚሄድ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ነገ ኬብሉ ቢበላሽ ሳይቆፈር ተስቦ ይለወጣል። ንጹሕ መዳብ የሆነውን መምረጥም ይገባል፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በርካሽ ይሸጣል፤ ኃይል ሲሸከም ግን ይደክማል።

የት ይሰቀል?

ማሰራጫው ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ 3 ወይም 4 ሜትር ላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ በታች ወይም በምሰሶ ላይ፣ ሰው ወደሚቀመጥበት ፊቱን ሰጥቶ ይሰቀል። ከጣሪያው በላይ መስቀል የሚሻል ይመስላል፤ ነገር ግን ቆርቆሮው ከሥሩ ላሉት ይከልለዋል። ማንጎውን ከዳር ሆኖ በቅጠሉ ውስጥ ለማሳለፍ ከመሞከር ከቅጠሉ በታች በግንዶቹ መካከል እንዲያይ ማድረግ ይሻላል።

ሁለት የሞገድ ክልሎች አሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ርቀትን የተሻለ ይችላል፤ ግን ቻናሎቹ የተጣበቡ ናቸው። እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ በግድግዳና በቅጠል ግን ቶሎ ይቀንሳል። ለግቢ ሁለቱም ቢኖሩ ጥሩ ነው። ሁለት ማሰራጫ ያለው ሰው አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ያድርግ፤ ስምና ፓስወርዱን አንድ ያድርግ።

ገምቶ ከመሥራት ለክቶ መሥራት ይበጃል። በስልክ ላይ ሲግናልን በቁጥር የሚያሳዩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይጻፋል። ከዜሮ በታች 67 ወይም ከዚያ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ የምስል ጥሪ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች 80 ከደረሰ ተስፋ የለውም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ራውተሩ አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን መለካት ነው። እዚያው ከደከመ ችግሩ ከሚገባው መስመር ነው፤ ምንም ያህል ማሰራጫ ቢጨመር አያድነውም። በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ከሆነ ወደ ቴሌው ማማ በሚያይ መስኮት አጠገብ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይለውጣል።

መብራትና መብረቅ

መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ዋይፋይ አስተማማኝ አይባልም። ደግነቱ ይህ ዕቃ የሚበላው ጥቂት ነው። ራውተሩና አንድ የውጭ ማሰራጫ በአንድነት ከ20 እስከ 25 ዋት ይበቃቸዋል። የ12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 600 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንወስድ፣ በመንገድ የሚባክነውም ተቀንሶ፣ 10 ሰዓት ገደማ ያቆያል። ፀሐይ ለማይጠፋበት ቆላ አነስተኛ ሶላር መጨመር ተገቢ ነው።

መብረቅ ሌላው ጠላት ነው። በአቅራቢያ ሲወርድ ውጭ የተዘረጋ መዳብ ኃይሉን ወደ ቤት ያስገባል። ምሰሶው በደንብ ኧርዝ ይደረግ፤ ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት መከላከያ ይደረግለት። በተለያየ ቆጣሪ የሚሠሩ ሁለት ሕንፃዎችን ማገናኘት ከሆነ፣ ወይም ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈ፣ ፋይበር መጠቀም ይመረጣል። ፋይበር ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ከግቢ ሲወጣ

እርሻው ወይም የውኃ ሞተሩ ከቤት ከራቀ፣ ኬብል የማይታሰብ ከሆነ፣ እርስ በርስ የሚተያዩ ሁለት አንቴናዎች ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ያገናኛሉ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ መተያየት። የኔፓሉ መምህር ማሃቢር ፑን በሂማላያ ሥር ያሉ መንደሮችን ያገናኙት በዚህ ዘዴ ነው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የራሞን ማግሳይሳይን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በእኛ አገር ኢንተርኔትን ለጎረቤት ወይም ለመንደር መሸጥ ግን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በራስ ግቢ ውስጥ ማዳረስና አገልግሎት መሸጥ ተለይተው ይታዩ። ለእንግዳ የሚሰጠው ዋይፋይም ሒሳብና የታካሚ መረጃ ካለበት መስመር ይለይ፤ አብዛኞቹ ማሰራጫዎች “የእንግዳ” መስመር ለይተው ያወጣሉ።

መስመሩ ሲቋረጥም የሚሠራ

የአማራ ክልል ሕዝብ የኢንተርኔትን መቋረጥ ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ግቢ ዋይፋይ ማሰብ ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በግቢ የተዘረጋው ኬብልና ማሰራጫ ከውጭ መስመር ቢቆረጥም በውስጥ መሥራቱን አያቆምም። ሆስፒታል በግቢው ኮምፒውተር ላይ ያለውን የታካሚ መዝገብ ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ ያስተላልፋል። ትምህርት ቤት በአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኪዊክስ በሚባል መተግበሪያ ዊኪፔዲያን፣ ኮሊብሪ በሚባለው ደግሞ የትምህርት ቪዲዮና ልምምድን ጭኖ ለተማሪው ስልክ ያለ ኢንተርኔት ያዳርሳል። ሁለቱም መተግበሪያዎች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ተማሪው ዛፍ ሥር ሆኖ መጽሐፍ የሚያነብበት መንገድ የሚመሠረተው በውጭ መስመር ላይ ብቻ ሳይሆን በግቢው ኬብል ላይም ነው።

ለዚህ ኬብል መንገድ ማዘጋጀት የሚቀለው በግንባታ ጊዜ ነው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ብዙ ቤቶቿ ተቃጥለውባታል። ለፈረሰው ቤት፣ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለጤና ተቋም መልሶ ግንባታ የውኃና የመብራት መስመር መቆፈሩ አይቀርም። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ አንድ ባዶ ፕላስቲክ ቱቦ፣ ከመብራቱ መስመር ፈንጠር አድርጎ፣ ከውስጡ ለመሳቢያ የሚሆን ሲባጎ አስገብቶ መቅበር ከግንባታው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጉድጓዱ ከተደፈነ፣ ግቢው ሲሚንቶ ከለበሰ በኋላ ግን ያው ሥራ ዶማና ቀን ሠራተኛ ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ሁሉ፣ ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳ፣ ቱቦውን ይቅበር። ማሰራጫው በኋላ ይገዛል፤ መስመሩም በኋላ ይገባል።